በፋይሌ ውስጥ እናቴ ሞታለች

ሰኞ፣ ጥር 5

ወንድሜ ደወለ። እማዬን ይዞ ድንበር ተሻግሯል! ጎረቤት አገር ገብተዋል፤ ሆስፒታልም አልጋ አግኝተዋል። የመቆያ ፈቃዳቸው እስከ መጋቢት 20 ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝና «በይ እንግዲህ፣ አሁን ሰበብ የለሽም» አለ።

ሰበብ ይለዋል። ስደተኛ ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው ወደወጣበት አገር አይመለስም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስነግረው ኖሬ «ሰበብ»! ግን እውነቱን ነው። እነሱ ከአገር ወጥተውልኛል። የቀረው የእኔ ነው፤ የጉዞ ሰነድ አውጥቼ መሳፈር።

እማዬን አቀረበልኝ። «እንኮዬ» አለች። ከዚያ ትንፋሿ አጠረ። ጉበቷ ነው። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደር ከወጣ በኋላ፣ ሐኪሞቹ በወር እንደማይቆጥሩ ነገረኝ። በሳምንት ነው የሚቆጥሩት።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መተኮሻው ማሽን አጠገብ፣ የተገለበጠ የልብስ ቅርጫት ላይ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። የምንሠራው ሆቴሉ ምድር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ይወርድልናል፣ አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጥፈን እንመልሳለን። መስኮት የለንም። ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ሰው ረጥቦ ሲገባ ነው።

የማጥፈው ከቀጮ ጋር ነው። ቀጮ ያልናት ስላልቀጠነች ነው። የምንኖረውም አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ከእኔ የተደበቀ የላትም፣ ከእሷም የተደበቀ የለኝም። ማለት ይቻላል።

«አስቸኳይ በሚለው ነው የምታስገቢው?» አለችኝ፣ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ።

«አስቸኳይ ነዋ!»

«እሱ እኮ ለእናት፣ ለአባት፣ ለልጅ፣ ለባል ብቻ ነው። ሌላው ተራ መጠበቅ ነው። ሰባት ወር።»

«እና? እናቴ አይደለች እንዴ?»

አንሶላውን አንዴ አራገፈች። ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ነግሬያታለሁ። የወለደችኝ ሁለት ዓመቴ ላይ ሞታለች። እማዬ የእሷ ታላቅ እህት ናት። የወለደችኝን በፎቶ ነው የማውቃት፤ ቁርጥ እሷን ነሽ ይሉኛል፣ እያደግኩ ስሄድማ እማዬ ራሷ አንዳንዴ በር ላይ ስታየኝ ክው ትል ነበር። ግን ያጠባችኝም ያዘለችኝም እማዬ ናት። የመጨረሻ ልጇን ከጡቷ አስጥላ እኔን አስገባች ይላል ወንድሜ፤ የተጣለው እሱ ነው፣ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

«እናትሽ ናት» አለች ቀጮ በመጨረሻ። «ጻፊ።»

የእናት ስም በሚለው ቦታ የእማዬን ስም ጻፍኩ። የልደት ወረቀቴም ላይ ያለው እሱ ነው። የትምህርት ቤት ወረቀቴም ላይ። ምን ዋሸሁ?

ዓርብ፣ ጥር 16

ቅጹን ስደተኞች ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። አሻራ አልነሳ ብሎኝ ስድስት ጊዜ አስጫኑኝ። የሳሙናው ኬሚካል ጣቴን በልቶታል። «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ አሻራ ተቀባዩ ልጅ። «ማጠብ» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ጠሩኝ። የጽሕፈት ቤቱ ባለ መነጽር ሴትዮ ክፉ ሰው አይደለችም። ውሃ ቀዳችልኝ። እንድረዳት ቀስ እያለች ነው የምትናገረው። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አንዱ የሞላሁት ቅጽ፣ ሌላው ከስምንት ዓመት በፊት መጀመሪያ ስመጣ የሰጠሁት ቃል።

አሮጌው ላይ ጣቷን አሳረፈች። እናት፦ ሞታለች። የቅርብ ዘመድ፦ የለም። ከሥሩ ፊርማዬ አለ፤ ያኔ እንዴት ያለ ትልቅ ፊርማ ነበረኝ!

ስምንት ዓመት። እኔ በየሳምንቱ ስደውልላት፣ እሷ «በልተሻል ወይ» ስትለኝ፣ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ሞታ ተቀምጣለች።

«ከሁለቱ የትኛው ነው ትክክል?» አለች። ያኔ ዋሽተሽ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃድሽም እንደገና ይታያል፤ አሁን ዋሽተሽ ከሆነ ማመልከቻሽ ይወድቃል። ይህን በቁጣ አልተናገረችውም። የቁጣው ይሻል ነበር።

«አስተርጓሚው ይሆናል የተሳሳተው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። አቀርቅራ ጻፈችው። የካቲት 12 ቃሌን በሥርዓቱ እሰጣለሁ፣ በራሴ ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ።

እውነትም እሱ ነው የተሳሳተው። ያን ቀን ሳል ይዞት ነበር። ሲስል ግማሹ አመለጠው።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ወንድሜ፦ «ወረቀቱስ?»

እኔ፦ «ሊያልቅ ነው።»

ከጀርባው የእማዬ ድምፅ፦ «አትጨቅጭቃት። ትመጣለች ካለች ትመጣለች።»

እሑድ፣ የካቲት 2

ቀጮ ቤተክርስቲያን ሄዳለች። እኔ አልሄድኩም፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ብዬ።

እውነቱን ልናገር ብል ምን ይመጣል? መስታወቱ ፊት ቆሜ ሞከርኩት። «አክስቴ ናት።» አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ጥርስ የገባ መሰለኝ። ደግሞስ ብናገረው ምን አገኛለሁ? ለአክስት አስቸኳይ የለም። ሰባት ወር ጠብቂ ይሉኛል፤ እማዬ ሰባት ወር የላትም። የልደት ወረቀትሽስ ለምን እናት አላት ይሉኛል። እሷን እናቴ አይደለችም ብዬ ፈርሜ፣ እሷንም ሳላይ። ሁለት ጊዜ ገደልኳት ማለት ነው።

«ሁለት ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ እንዴ? ይቅር።

ያን ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው። መጠለያው ውስጥ የነበሩት ሴቶች መከሩን። «ማንም የለኝም በይ። አገሯ ሰው ያላትን መልሰው ነው የሚልኳት።» ሁሉም ይሉት ነበር። እኔ ግን ገብቼ የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት። እናትሽ አለች ወይ ሲሉኝ የወለደችኝን መስሎኝ ሞታለች አልኩ። ይህ ውሸት ነው? አይደለም። ስላሳደገችኝ ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። የተጠየቅኩ አይመስለኝም። ሰውየውም ቸኩሎ ነበር። የሳለው በዚያ ቀን ይሁን በሌላ ቀን አሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ መቸኮሉ ግን እርግጥ ነው። ከእኔ ኋላ ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር።

ልጅ ሆኜ የፋኖስ መስታወት ሰብሬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ለመገረፍ እጄን ዘርግቼ። አልመታችኝም። ከዚያ በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ ወሬዋ ያ ሆነ፦ «የእኔ ልጅ ውሸት አታውቅም!» ዕቃ ሲጠፋ የሚጠየቀው ወንድሜ ነው፤ እኔ አልጠየቅም። ሰው ፊት በተናገረችው ቁጥር አፍር ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አውቶቡስ ላይ። የምለው፦ እናቴ አልሞተችም። አስተርጓሚው ነው የተሳሳተው። የምለው ይኸው ነው። ሌላ አልጨምርም።

ያው ረቡዕ፣ ክፍላችን

እሱ ነው የመጣው።

ያው ሰውዬ። ያው ግራጫ ኮት፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ፀጉሩ ብቻ ነጭ ሆኗል። ቋንቋችንን የሚያውቅ አስተርጓሚ ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ እንዴት ይህን ሳላስብ ቀረሁ? ባለ መነጽሯ አታውቅም፤ ፋይሉ ላይ የአስተርጓሚ ቁጥር እንጂ ስም የለም። እሱ ግን ገና ስገባ አወቀኝ። «እንደምን ነሽ ልጄ» አለኝ። «ደህና ነዎት ጋሼ» አልኩት። ከዚያ በላይ መነጋገር ክልክል ነው፤ ወንበሩን ወደ ጎን አድርጎ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ተቀመጠ።

ጠየቀችኝ። ተረጎመልኝ። ከስምንት ዓመት በፊት እናቴ ሞታለች ብለሻል?

ውሃው ፊቴ ነበር፤ አልጠጣሁም። መጋቢት 20ን አሰብኩ።

«አላልኩም» አልኩ። «እናቴ አልሞተችም ነው ያልኩት። አስተርጓሚው ነው የተሳሳተው።»

አስተርጓሚ ሲባል «እሷ እንዲህ አለች» አይልም፤ በተናጋሪው ቦታ ሆኖ «እኔ» እያለ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ያ ሰው ቀና ብሎ፣ በእኔ ፈንታ «እኔ» ብሎ፣ በገዛ አፉ አስተርጓሚው ነው የተሳሳተው አለ። በስምንት ዓመት ይህን ያህል ቋንቋቸውን ሰምቻለሁ፤ ተከታተልኩት። ቃል በቃል ነው። አንዲት ነገር አላጎደለም፣ አላለዘበም። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ባለ መነጽሯ።

ወደ እኔ ዞረ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ጥያቄው የእሷ ነው። ዓይኑ ግን የራሱ ነበር።

«አዎ።»

«አዎ» አላት።

ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ሥር እኔ ፈረምኩ፤ እሱም ፈርሞ ቁጥሩን ጻፈ። ሴትዮዋ ቁጥሩን አየች። አሮጌውን ወረቀት ገለጠች። እንደገና ቁጥሩን አየች። ከዚያ ሰውየውን። መነጽሯን አውልቃ የሆነ ነገር ጠየቀችው፣ ዝግ ብላ። ይህን አልተረጎመልኝም፤ ለእኔ አይደለማ። ግን ሰማሁ። ያን ቀን ተሳስተው ይሆን? ነው ያለችው።

«ሊሆን ይችላል» አላት። «አርጅቻለሁ።»

በቋንቋቸው «አይደለም» ማለት አያቅተኝም ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ የመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚማሯት።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ። ላመልጠው ነበር፤ ሊፍቱ ዘገየብኝ። «ያን ቀን ማንም የለኝም ብለሽ እንዴት እንዳለቀስሽ አልረሳሁም» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ነበር። በይ ሂጂ፣ ጊዜ የለሽም። እናትሽን ሳሚልኝ።» መሐረብ ሊሰጠኝ ኪሱን ዳሰሰ።

ሌላ ሰው መስዬው ይሆናል። ስንቱ ሰው ፊቱ ሲያለቅስ ኖሯል፣ እንዴት ያስታውሰዋል?

መሐረቡን ግን አውቀዋለሁ። ያኔም እንባዬን የጠረግኩት በእሱ ነው፤ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር አለው።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሥራ። ሥራ። ሁለት መቶ አንሶላ። ቀጮ «እንዴት ሆነ?» ብላ ጠይቃኝ «ደህና ነው» አልኳት። «ደህና ከሆነ ምነው ፊትሽ ሬሳ መሰለ?» እንቅልፍ ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

እማዬ ዛሬ ስልኩ ላይ አላወራችም። እየቀላቀለች ነው አለኝ ወንድሜ፤ መርዙ ወደ ጭንቅላቷ ይወጣል ብለዋል ሐኪሞቹ፤ አንዳንዴ የሞቱ ሰዎች ስም ትጠራለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ነች። «ጤነኛ በሆነችበት ሰዓት ድረሽባት» አለ። እንዲህ ሲለኝ ጮኽኩበት። ወረቀት በእኔ እጅ ነው እንዴ! አልኩት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ተፈቀደ!

ቀጮ ደብዳቤውን ነጥቃ፣ እዚያው ማሽኖቹ መሃል እልልታዋን ለቀቀችው። አለቃችን እሳት የተነሳ መስሏት እየሮጠች መጣች።

ምክንያቱን አንድ መስመር ጽፈውታል። «ቀድሞ የተመዘገበው ቃል በትርጉም ስህተት የመጣ መሆኑ ስለታመነበት።»

ከሰዓት በኋላ አዲሷ ፎጣ የምታጥፈው ልጅ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ስታወራ ሰማሁ። ነገ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበራትና አስተርጓሚ የለም ብለው ሰርዘውባታል። «ያን ደህና ሰውዬ ከዝርዝራቸው አውጥተውታል አሉ። ጽሕፈት ቤቱ ሲያወጣው ክሊኒኩም ተወው። እኔን ሲያስወልዱኝ እኮ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲተረጉምልኝ ያደረ ሰው ነው። ምን አድርጎ ይሆን?»

ቀጮ በአንሶላው ላይ አሻግራ አየችኝ። «ሳቢ እንጂ!» ብቻ አለችኝ። ሳብኩ። የያዝኩት ጫፍ አመለጠኝና መሬት ወደቀ፤ እንደገና ወደ ማጠቢያው።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ አየሁት። ያው ኮት። እጁ ላይ ማመልከቻ የመሰለ ቡናማ ፖስታ። ሄጄ ምን እለዋለሁ? ከማስታወቂያው ሰሌዳ ጀርባ ቆሜ አውቶቡሱ ይዞት እስኪሄድ ጠበቅኩ። ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

ብናገር የሚመለስለት ነገር አለ? የእሱ አይመለስም፣ የእኔም ይበላሻል። ከእማዬ ስመለስ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ በኋላ ያሻቸውን ያድርጉኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ይህ ደብተር ይመስክርብኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሰነዱን ዛሬ ሰጡኝ። ትንሽ ደብተር ናት፣ ከመዳፌ አትበልጥም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም። ከወጣሁበት አገር በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል ይላል። ቆሜ ገጽ በገጽ አገላበጥኳት። የእናት ስም የሚል ቦታ የላትም። የትም። ጀርባዋንም አየሁ።

ባለ መነጽሯ «መልካም ጉዞ፣ እናትዎን እግዜር ይማርልዎ» አለችኝ፣ በቋንቋችን። አንድ ሰው አስተምሯት ይሆናል። ማን እንዳስተማራት መጠየቅ አልፈለግኩም።

ትኬት ለማክሰኞ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ደረስኩ። አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ተኝታለች።

የሆስፒታሉ በር ጠባቂ «ምኗ ነሽ?» አለኝ። «ልጇ» አልኩት። «ግቢ» አለኝ። ይኸው ነው። ወረቀት አልጠየቀኝም።

ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ጺሙ ሸብቷል። ታናሼ የሚመስለኝ ልጅ! አቅፎኝ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ «ዛሬ ጠዋት ደህና ነበረች፣ ስምሽን እየጠራች ነበር። አሁን ግን ትንሽ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

አልጋው ውጧታል። እጇ ብቻ ነው ያው የእሷ እጅ። አጠገቧ ተንበርክኬ «እማዬ» አልኳት። ዓይኗን ገልጣ ቀስ እያለች ፊቴን ስትመረምረው ቆየች። ከዚያ ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ፈገግታ አይቼባት አላውቅም፤ ልጅ ሆነች።

በወለደችኝ ስም ጠራችኝ።

«እማዬ፣ እንኮዬ እኮ ናት!» አላት ወንድሜ። «መጣችልሽ!» በእጇ ዝም በል አለችው።

«ቆየሽ እኮ አንቺ» አለችኝ። «እህትሽን እንዲህ ትረሻታለሽ?»

እጇን ያዝኩ።

«ልጅሽን አሳድጌልሻለሁ» አለች። ትንፋሽ እየወሰደች፣ ቃል በቃል፣ አጥንቶ እንደተዘጋጀ ሰው። «አደራሽን አልበላሁም። ከልጄ አስበልጫት እንጂ አሳንሻት አላውቅም፤ እሱ ይመስክር። አድጋለች። አምሮባታል፤ አንቺን ነው የመሰለችው። ሰው አገር ነው ያለችው፣ ሠርታ ነው የምትበላው። ደግሞ ውሸት አታውቅም። አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። በዚህ ልቤ ሙሉ ነው።»

ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ወዴት ልዙር?

እግሯ ላይ ወድቄ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ እንኮዬ ነኝ፣ አንቺን ሞታለች ብዬ ፈርሜ ነው መኖሪያ ያገኘሁት፤ በደግ ሰው እንጀራ ላይ ቆሜ ነው ዛሬ አንቺ ጋ የደረስኩት ልላት አፌን ከፈትኩ። ለእሷ ግን በዚያች ሰዓት እህቷ እንጂ ልጇ አልነበርኩም። ለማን ልናገረው?

እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ወንድሜ እንዳይሰማ መሰለኝ።

«አንድ ነገር ግን አጥፍቻለሁ። ገና አፏን ስትፈታ እማዬ አለችኝ። እናትሽ ሌላ ናት ልላት ይገባኝ ነበር። ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። የአንቺን ስም ወሰድኩብሽ። ይኼን ሁሉ ዘመን ሲከነክነኝ ኖረ። ቅር ብሎሻል?»

ጠበቀችኝ። መልስ ትፈልጋለች፤ ጤነኛ ሰው የሚጠብቀውን ያህል ነው የጠበቀችኝ።

ያ ሰው ትዝ አለኝ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ በእኔ ቦታ «እኔ» ሲል።

«እኔ ቅር አላለኝም» አልኳት። «እናቷ አንቺ ነሽ።»

እፎይ አለች። እጄን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ወንድሜ ወንበር አምጥቶ ከኋላዬ አደረገልኝ፤ በሌላ እጄ ነው ይህን የምጽፈው። የመቆያ ፈቃዷ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። የዚያ ሰው መሐረብ ኪሴ ውስጥ የለም፤ አልተቀበልኩትም ነበር። በእጅጌዬ ጠረግኩ።